ለዓሣ ተብሎ ግብር ይማራል? የጅማ ጥያቄና መልስ

ባለፈው እሁድ ሂርማታ አካባቢ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ጨዋታው ወንዝ ላይ ሲደርስ፣ "ወንዝ ዳሩን ለዓሣ ብሎ ለሚጠብቅ ሰው የመሬት ግብር የሚቀርበት አገር አለ" አልኩ። አፌን ሳልዘጋ ጥያቄው ዘነበ። የዓሣና የወንዝ ነገር እንጀራዬ ስለሆነ፣ ከአቦል እስከ በረካ ስመልስ ዋልኩ። ያስታወስኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ የምርህን ነው? ዓሣና ግብርን ምን አገናኛቸው?

የምሬን ነው። አሜሪካ ውስጥ ኦሪገን በሚባለው ግዛት፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የቆየ ሕግ አለ። የእርሻ ወይም የደን መሬት ያለው ሰው ወንዝ ዳሩን በዛፍና በቁጥቋጦ ሸፍኖ ከጠበቀ፣ ያ ጥግ ከንብረት ግብር ነጻ ይሆንለታል። የሚቆጠረው ከወንዙ እስከ 100 ጫማ ድረስ ያለው ነው፤ 30 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። "እኔ እጠብቃለሁ" ብሎ በአፍ መማል አይበቃም። ከግዛቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጋር በአያያዝ ዕቅድ ላይ መስማማት አለበት። ጎረቤቱ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ደግሞ ኪንግ ካውንቲ የሚባለው አካባቢ አስተዳደር ለሚጠበቅ መሬት ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ በበዛ ቁጥር ግብሩ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ዓሣው ያለው ውሃ ውስጥ፣ ዛፉ ያለው ሜዳ ላይ። ታዲያ ዛፉ ምን ይፈይድለታል?

ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። ጥላ ያለበት ውሃ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን አብዝቶ ይይዛል። ሥሩ ዳርቻውን ጨምድዶ ይይዛል። የረገፈው ቅጠል የነፍሳት ቀለብ ነው፣ ነፍሳቱ ደግሞ የዓሣ ቀለብ ናቸው።

ካላመናችሁኝ ዳሩ ዛፍ ያለበት ቦታ ላይ ውሃው ውስጥ ያለ አንድ ድንጋይ ገልብጡ። ከሥሩ ጠፍጣፋ፣ ጭራቸው ሦስት ፈትል የመሰለ ትንንሽ ነፍሳት ይሯሯጣሉ። ከዚያ እርሻው እስከ ውሃው አፍ የታረሰበት ቦታ ሄዳችሁ ሌላ ድንጋይ አንሱ። ድንጋዩ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ነው የምታገኙት፤ ስትነቅሉት "ጧ" ይላል። ከሥሩ ምንም የለም። ቢልጫ የምንለው ዓሣ በክረምት ሽቅብ ወጥቶ እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው። ጠጠሩን ደለል ከሸፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የጅማውን አዌቱን አላየኸውም እንዴ? መኪና የሚታጠብበት ወንዝ ላይ ስለ ዓሣ ታወራለህ?

አይቼዋለሁ፣ አፍንጫዬም ያውቀዋል። ግን አዌቱን ለብቻው ነጥላችሁ አትዩት። ከከተማው ወጥቶ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከቦዬ ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ነው የሚሄደው። ግልገል ጊቤ ላይ ደግሞ በ1996 ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ አለ። ግድቡ ባቆረው ሐይቅ ውስጥ ቢልጫም ቆሮሶም ይጠመዳል። ከላይ የታጠበ አፈር ለዓሣውም ለግድቡም ጠላት ነው።

ጥያቄ፦ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎችስ? እነሱም ግብር ይቀነስላቸው?

በጭራሽ። ጉዳዩ ሌላ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ፣ ልክ ወንዙ ሲጎድል፣ የመፈልፈያው ውሃ ይለቀቃል። የቡናው ልጋግ ስኳር ስላለበት ባክቴሪያ ይረባበታል፣ ኦክስጅኑንም ጨርሶ ይበላዋል። ድንጋዩ ላይ ግራጫ ዝልግልግ ነገር ይጋገራል፣ ውሃው እንደ ኮመጠጠ ጠላ ይሸታል። ማበረታቻ ከሚገባው በላይ ለሠራ ነው። ላለመበከል ጉርሻ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ወንዝ ዳር ባህር ዛፍ ብተክል ይቆጠርልኛል?

እኔ ብሆን አልቆጥርልህም። ውሃውን ይመጠዋል፣ ከሥሩም ሣር አያበቅልም። ዶቅማ ትከል፣ ዋንዛ ትከል።

ጥያቄ፦ ልጅ ሳለን የብርብራ ፍሬ ወቅጠን ዓሣ እናሰክር ነበር። ነውር ነበር ማለት ነው?

እኔም አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም። ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። ዓሣው መተንፈስ ያቅተዋል። ችግሩ ትልቁን መርጦ አይገድልም፤ ጫጩቱንም ነፍሳቱንም ይጠርጋል። ዛፉ ግን የቡና ጥላ ነው፣ አትቁረጡት።

ጥያቄ፦ ከተማ ውስጥ ቤት ያለንስ? ጣሪያና ግድግዳ ይቀነስልናል?

የጣሪያና ግድግዳ ግብር የ1968 አዋጅ ነው። ጥር 2017 ላይ ፓርላማው አዲስ የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል፣ ዝርዝሩን የሚያወጡት ደግሞ ክልሎች ናቸው። ለወንዝ ዳር ቅናሽ የሚጠይቅ ካለ ዝርዝሩ ሳይደርቅ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ሰቃ ግማሽ ሄክታር አለኝ። ግብር አትክፈል ብትሉኝ አልስማማም።

ይህን ያሉት ጥግ ይዘው ዝም ብለው የቆዩ አባት ናቸው። ለምን አልኳቸው። "ደረሰኙስ?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ኦሪገን ውስጥ መሬቱ የግለሰቡ ነው፤ ግብር ሲቀርለት ይደሰታል። እኛ ጋ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገበሬው ግብር የሚከፍለው ሁልጊዜ በግድ አይደለም። ደረሰኙን ከመሬት ደብተሩ ጋር በፌስታል ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል፤ የድንበር ጠብ ሲመጣ ምስክሩ እሱ ነው። "ነጻ ነህ" ሲባል "ተነጠቅህ" ብሎ ቢሰማ አይፈረድበትም።

ሌላም አለ። ወንዙን 50 ሜትር የሚዋሰን መሬት ላይ 30 ሜትር ልቀቅ ቢባል፣ 1,500 ካሬ ነው። ከግማሽ ሄክታር 30 በመቶው ሄደ ማለት ነው! የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ ቢማርለት እንኳ የአንድ መደብ ቃሪያ አይተካለትም። ስለዚህ እኔ የምለው 5 ወይም 10 ሜትር ይበቃል፤ እዚያም ለከብቱ የሚያጭደው ደሾ ሣርና ዝሆኔ ሣር ይፈቀድለት። ግብሩ ቢቀርም ደረሰኙ በየዓመቱ ይቆረጥለት።

አባታችን ስኒያቸውን አስቀምጠው አሰቡበት። "ዜሮ ብር ተብሎ ይጻፍ፣" አሉ። "ማኅተሙ ግን ይመታበት።"