የሕግ ምክር፦ ማርች 17ን አይጠብቁ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቦስተን ነው። ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው፤ ቤተሰቡ ግን ከአየርላንድ የመጣ ነው። አያቱ እ.ኤ.አ. በ1928 ሜዮ ካውንቲ ተወልደው በወጣትነታቸው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። አባቱ ቦስተን ያደገ ሰው ነው። ባለቤቴ የዘር ሐረጉን መፈለግ ከጀመረ ወዲህ ቤቱን በወረቀት ሞልቶታል። የዲኤንኤ ምርመራ አደረገ። የቤተሰቡን አርማ በፍሬም አሰርቶ ሳሎን ሰቀለ። የአየርላንድ ዜግነት ማመልከቻውንም ሞልቶ ጨርሷል፤ የሚልከው ግን ለበዓሉ ክብር ሲል በማርች 17፣ በአየርላንድ ብሔራዊ በዓል በቅዱስ ፓትሪክ ቀን ነው። የ6 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ሰመር ላይ ሜዮ ሄደን የቤተሰብ በዓል እናደርጋለን፤ ግንቦት ላይ የሚወለደው ልጃችንም ያኔ አብሮን ይሆናል። ለልጆቹና ለእኔ ፓስፖርቱን ለማውጣት ምን ያስፈልጋል?»

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ በሰላም ይገላግልዎት። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያስጨነቀኝ የጠየቁኝ ጥያቄ ሳይሆን በጎን ጣል አድርገው ያለፉት ቃል ነው። «ግንቦት»።

መጀመሪያ ግን ልናገር። እኔ የኢትዮጵያ ጠበቃ ነኝ። የአየርላንድን ሕግ አነባለሁ እንጂ እዚያ ችሎት አልቆምም። የምጽፍልዎት መንገዱን እንዲያዩ ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት እዚያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያነጋግሩ።

ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከአያቶቹ አንዱ በአየርላንድ ደሴት ላይ የተወለደ ሰው፣ «በውጭ አገር የተወለዱ ሰዎች መዝገብ» ላይ ተመዝግቦ ዜጋ መሆን ይችላል። ሰሜን አየርላንድም ይቆጠራል። መዝገቡ ያለው በአየርላንድ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። ለአዋቂ ክፍያው 278 ዩሮ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ 153 ዩሮ ነው፤ በሚያመለክቱበት ቀን እንደገና ያረጋግጡ። ባለቤትዎ በአያታቸው በኩል መብት አላቸው። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም።

ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድም ይኸው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በዚህ መንገድ ባለቤትዎ ዜጋ የሚሆኑት ስማቸው መዝገቡ ላይ በሰፈረበት ቀን ነው። ፎርሙን የሞሉበት ቀን አይቆጠርም። ፖስታ ቤት የሄዱበት ቀንም፣ የከፈሉበት ቀንም አይቆጠርም። ወደ ኋላ ተመልሶም አይሠራም። ሜዮ የተወለዱት ሰው ለባለቤትዎ አያት ናቸው፤ ለልጆችዎ ግን ቅድመ አያት ናቸው። ቅድመ አያት ብቻውን አያስመዘግብም። ልጅ በአባቱ በኩል እንዲመዘገብ አባትየው ልጁ በተወለደበት ቀን ዜጋ ሆኖ መገኘት አለበት። እኛ ዘር ስንቆጥር ሰባት ቤት እንወጣለን። ይህ ሕግ አያት ላይ ሲደርስ ያቆማል፤ ከዚያ በላይ መሄድ የሚቻለው እያንዳንዱ ትውልድ ቀጣዩ ከመወለዱ በፊት ከተመዘገበ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ጥንዶች ሕፃን አቅፈው ቢሮዬ መጡ። አባትየው ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋ። አንዱ የራሱ የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ ሌላው የልጁ የልደት ካርድ ነው። ልጁ የተወለደው ከምዝገባው 11 ቀን ቀድሞ ነበር። አባትየው ቀኖቹን በጣቱ እየነካካ «በ11 ቀን?» ይለኛል። ምን ልበለው?

አሁን የእናንተን እንቁጠር። ማርች 17 ቢላክ እስከ ግንቦት ሁለት ወር ገደማ ነው የሚቀረው። ይህ ምዝገባ ደግሞ ብዙ ወራት ሊፈጅ የሚችል ነገር ነው። አንድ ሰነድ ጎድሎ ቢመለስማ አስቡት። ባለቤትዎ ይቅር ይበሉኝና፣ ለቅዱስ ፓትሪክ ክብር ብለው የሚያቆዩት ፖስታ የገዛ ልጃቸውን መብት ሊያስቀር ይችላል። ሰነዱ ተሟልቶ ከሆነ ነገ ይላክ። ነፍሰ ጡር መሆንዎንና የመውለጃዎን ቀን የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ አያይዛችሁ በአስቸኳይ እንዲታይላችሁ ጠይቁ። መሥሪያ ቤቱ ልጅ ለሚጠብቁ ወላጆች ጥያቄ ትኩረት ይሰጣል። ግን ዋስትና አይደለም።

የ6 ዓመቷ ልጅስ? በጻፉልኝ መሠረት ብቻ ከሄድኩ በዚህ መዝገብ መግባት አትችልም። ግን እውነቱን ልንገርዎት? የጻፉልኝን ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ዋሹኝ ማለቴ አይደለም፤ ያልጻፉት ነገር አለ።

«አባቱ ቦስተን ያደገ ሰው ነው» ብለዋል። «የተወለደ» አላሉም። ማደግና መወለድ ለሕግ ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የባለቤትዎ አባት ሜዮ ተወልደው በሕፃንነታቸው በእናታቸው ጀርባ የመጡ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ባለቤትዎ ከተወለዱ ጀምሮ የአየርላንድ ዜጋ ናቸው ማለት ነው፤ ምዝገባም አያስፈልጋቸውም። ልጅቷም በአያቷ በኩል መመዝገብ ትችላለች። የግንቦቱም ሩጫ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ደብዳቤዎ ውስጥ የባለቤትዎ እናት የሉም። አያት፣ አባት፣ አርማ፣ ዲኤንኤ፣ ሁሉም አለ። እናትየው የሉም። የት ተወለዱ? ደሴቲቱ ላይ ከተወለዱ ውጤቱ ያው አሁን ያልኩት ነው። ዘር ፍለጋ የአባት ስም ብቻ ተከትሎ ሲሄድ ጥሩውን በር ዘግቶ ያልፋል። የኛም ሰው ይህን ያደርጋል።

ሦስተኛ፣ የባለቤትዎ አባት ልጆቻቸውን ድሮ አስመዝግበው እንደሆነ ይጠይቋቸው። አንዳንድ ወላጅ ይህን ያደርግና ወረቀቱን ቁም ሳጥን ላይ ይረሳዋል። ባለቤትዎ በልጅነታቸው ከተመዘገቡ ልጅቷ የተወለደችው ከዜጋ አባት ነው። ሦስቱንም ጥያቄ ዛሬ ማታ በአንድ ስልክ መጨረስ ይቻላል።

ሦስቱም «አይደለም» ከሆኑ፣ የአየርላንድ ዝርያ ላለው ሰው የፍትሕ ሚኒስትሩ የዜግነት መስፈርቶችን ሊያነሳ የሚችልበት አንድ አንቀጽ አለ፤ አንቀጽ 16 ይባላል። ግን ፈቃዱ የሚኒስትሩ ነው፤ አልፈልግም ካለ አልፈለገም። ያለ ጠበቃ አይሞክሩት።

ስለ ሰነድ። የሦስት ትውልድ ሰንሰለት ነው የሚጠየቀው፦ የአያት የልደት፣ የጋብቻና፣ ካረፉ፣ የሞት ምስክር ወረቀት፤ የአባት እንዲሁ፤ የባለቤትዎ እንዲሁ። የአሜሪካው የልደት ካርድ የወላጆች ስም ያለበት ረጅሙ መሆን አለበት፤ አጭሩ ተመልሶ ይመጣል። በ1922 በደብሊን የመዛግብት ቤት መቃጠል ብዙ የአየርላንድ ሰነድ ጠፍቷል፤ ከ1864 ጀምሮ ያለው የልደት መዝገብ ግን ተርፏል። ነገር ግን በኢንተርኔት በነፃ የሚታየው 100 ዓመት የሞላው ልደት ነው። የ1928ቱን ማዘዝ ያለባችሁ ሮስኮመን ካለው የመዝገብ ቢሮ ነው፤ 20 ዩሮ ነው። ለዘር ፍለጋ የሚሰጠው የርካሽ ዋጋ ፎቶ ኮፒ አይሠራም።

ስሞቹንም ፊደል በፊደል ያስተያዩ። በልደት መዝገቡ ላይ «ኦ» ያለው የቤተሰብ ስም አሜሪካ ሲደርስ «ኦ»ዋን ጥሎ ሊሆን ይችላል። ፓትሪክ በቁልምጫው ፓዲ ተብሎ ተጋብቶ ይሆናል። በፓስፖርት አንድ፣ በልደት ካርድ ሌላ ስም ይዞ የተሰቃየ የኛ ሰው ይህን አያጣውም። ልዩነት ካለ ከመላካችሁ በፊት ማስረጃውን አዘጋጁ።

ዲኤንኤው ለዚህ መዝገብ ማስረጃ አይሆንም። አርማውም እንደዚያው ነው። በአየርላንድ አርማ የሚሰጠው ለሰው ነው እንጂ ለቤተሰብ ስም አይደለም፤ ሱቅ የሚሸጠው ለግድግዳ ነው። የአየርላንድ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 የዘር ምስክር ወረቀት መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ ፈላጊ ስላጣ በ2015 አቆመው። አርማውን አውርዱ አልልም፤ ለሳሎን ያምራል። ለሜዮው በዓል ግን ሌላ ነገር ልጠቁማችሁ። የ1911 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ በነፃ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ አባወራው ራሱ በእጁ ጽፎ የፈረመበት ነው። ማን ማንበብ እንደሚችል፣ ቤት ውስጥ አይሪሽ ይነገር እንደሆነ፣ እናትየው ስንት ልጅ ወልዳ ስንት እንደቀሩላት ይናገራል። የባለቤትዎን ቅድመ አያቶች እዚያ ፈልጉ። ያንን በፍሬም አድርጉት።

የእርስዎ ፓስፖርት። በጋብቻ ብቻ ዜግነት ማወጅ እ.ኤ.አ. በ2005 ቀርቷል። አሁን ሦስት ዓመት ትዳር ብቻ አይበቃም፤ ደሴቲቱ ላይ መኖርም ያስፈልጋል። ቦስተን ሆነው አይሆንም።

ከዚያ በላይ ግን የዘለሉት ነገር አለ፦ አሁን የያዙት የየትኛውን አገር ፓስፖርት ነው? አሜሪካዊት ከሆኑ የኢትዮጵያ ዜግነትዎ ቀርቷል፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ነው የሚመለከትዎ። አሁንም ኢትዮጵያዊት ከሆኑ ግን በአዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 መሠረት በፈቃድዎ ሌላ ዜግነት ሲወስዱ የኢትዮጵያው እንደተወ ይቆጠራል። ልጆቹም በእርስዎ በኩል ኢትዮጵያውያን ሆነው በአባታቸው ሌላ ዜግነት ካላቸው፣ 18 ዓመት በሞላቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትተው የኢትዮጵያውን መምረጣቸውን ካላሳወቁ እንደተዉት ይቆጠራል። ስለዚህ ለራስዎ ምንም ነገር ከመፈረምዎ በፊት የፓስፖርትዎን የመጀመሪያ ገጽ ቅጂ ይዘው ጠበቃ ጋ ይሂዱ፤ ወይም እንደገና ይጻፉልኝ። በሚቀጥለው ደብዳቤ ግን የአማትዎ የትውልድ ቦታ እንዳይቀር።