የቆሸሸውን መረብ አስሉ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ የምህንድስና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ቤቴ መጣ። ርዕሱ መርከብ በሚጎትተው የዓሣ መረብ ዙሪያ ስላለው የውሃ ፍሰት ነው። «ጋሼ፣ ባሕር በሌለበት ጎንደር ይህ ምን ይሠራልኛል?» አለኝ። ሁለተኛው ቡና እስኪቀዳ ድረስ ዝም አልሁ፤ መልሱ የራሴን ውርደት የሚነካ ነበርና።

በወጣትነቴ ለአንድ የውሃ መግቢያ የብረት ወንፊት እንድሠራ ታዝዤ ነበር። የሽቦውን ውፍረት ለክቼ፣ ውሃው በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ የሚያሳርፈውን ኃይል ደምሬ አስረከብሁ። ስሌቱ ስሕተት አልነበረበትም፤ ግን ያሰላሁት ንጹሕ ወንፊት ነበር። ሐምሌ ገባ፤ ጎርፉ ሣርና ቅጠል እየጠረገ መጣ። ጠዋት ስንደርስ ወንፊቱ እንደ እንጀራ ታጥፎ አገኘነው። አለቃዬ አልተቆጡኝም፤ አንድ እፍኝ የበሰበሰ ሣር ከሽቦው ላይ ላጥ አድርገው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና ሄዱ።

የሚጎተት መረብም ጠባዩ ይኸው ነው። ባዶ ሳለ ውሃው በዓይኖቹ ሾልኮ ያልፋል። ጫፉ ላይ ያለው ከረጢት በዓሣ ሲሞላ ግን ዓይኖቹ ይደፈናሉ፤ ውሃው ከክምሩ ፊት እየዘገየ፣ ትንሽ ቀደም ብለው ባሉት ክፍት ዓይኖች በኩል ወደ ጎን ይወጣል። ትንንሾቹ ዓሦች የሚያመልጡትም በአብዛኛው እዚያው ላይ ነው። ከኋላ ደግሞ አዙሪት እየተፈጠረ ከረጢቱን ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል። ታዲያ ተማሪያችን በኮምፒውተሩ ውስጥ የጎተተው መረብ አንድም ዓሣ አልነበረበትም!

የምህንድስና መምህሩ ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1883 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ማንቸስተር ላይ፣ በመስታወት ቱቦ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ቀጭን የቀለም መስመር ለቀቀ። መስመሩ እስከ አንድ ፍጥነት ድረስ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ከዚያ ተበጣጥሶ ተደባለቀ። በእሱ ስም የሚጠራውን፣ የውሃው ግፊያ ከዝልግልግነቱ ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚናገረውን ቁጥር ከልጁ ጋር ወረቀት ላይ አሰላነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ውሃው ይታወካል። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክር በሰከንድ 1.5 ሜትር ሲጎተት፣ ውሃው 20 ዲግሪ ቢሆን፣ ቁጥሩ 4,500 ገደማ ይሆናል። ጣና ላይ ለተዘረጋ 0.2 ሚሊ ሜትር የናይለን ክር፣ ውሃው በሰከንድ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሄድ፣ 20 ብቻ ነው። ከክር ጀርባ አዙሪት መበጠስ የሚጀምረው 47 አካባቢ ስለሆነ፣ የጣናው ክር ውሃውን ሳይረብሽ ይከፍለዋል፤ የመርከቡ ክር ግን ያተራምሰዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የመጎተቻው ኃይል አራት እጥፍ፣ ከሞተሩ የሚፈለገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ የነዳጁን ወጪ ካፒቴኑን ጠይቁት።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ትተን የባለቤቴን ወንፊት ይዘን ወደ ቀሃ ወንዝ ወረድን። (እስከ ዛሬ ይቅርታ አላገኘሁም።) ወንፊቱን ውሃው ውስጥ አቁመን ከላይ የጤፍ ገለባ በተንን። ገለባው መጀመሪያ ገሚሱ እያለፈ፣ ገሚሱ እየተለጠፈ ሄደ። ወንፊቱ ሲደፈን የኋለኛው ገለባ ሊደርስበት አንድ ስንዝር ሲቀረው ወደ ግራና ቀኝ መታጠፍ ጀመረ። ልጁ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እጀታውን ያዘና «ከበደኝ እኮ!» አለ። ያቺን «ከበደኝ» ከሦስት ምዕራፍ ጽሑፉ አብልጬ ወደድኋት። እናንተም ከኮምፒውተሩ ፊት ከመቀመጣችሁ በፊት እጃችሁን ውሃ ውስጥ ክተቱ።

ቅዳሜ ጎርጎራ እንወርዳለን። እንቦጭ ጣና ላይ ከተስፋፋ ወዲህ አረሙ መረብ ላይ እየተጠመጠመ ዓሣ አጥማጁን ያስቸግራል። ከሥጋ ቤት የተዋስነው ተንጠልጣይ ሚዛን አለን፤ አንዱን መረብ ንጹሕ አድርገን፣ ሌላውን አረም እንደያዘ ከታንኳ ላይ እየሳብን እንመዝናለን። መምጣት የምትፈልጉ ካላችሁ መኪናው ውስጥ ሁለት ቦታ አለ፤ መቀየሪያ ልብስ ያዙ።