አባባን ሶፋ ላይ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ

ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ልጅ በር ላይ አግኝቶኝ «እትዬ፣ እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ዎክ ጀምራለች፣ ላስቆማት እንዴ?» አለኝ። መልሱን ነገርኩትና ገባሁ፣ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምክንያቱም እኔ አባባን አስቁሜያቸዋለሁ።

አባባ ጡረታ ወጥተውም ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ከጉለሌ ተነስተው የእንጦጦን ዳገት ይያያዙት ነበር። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ያቺን ተረከዟ ሁለቴ የታደሰ ቡናማ ጫማ አጥልቀው። ሲመለሱ ግንባራቸው ላይ ላብ ቸፈፍ ብሎ፣ ቁርስ እስኪቀርብ ስለ ቅጠል ተሸካሚ እናቶች ያወሩናል፣ ከነሱ የሚበልጥ ሸክም ይዘው ቁልቁለቱን ሲወርዱ «አይዟችሁ» ሳይሏቸው አያልፉም ነበር፣ አንዷማ ለፋሲካ ዶሮ ይዛላቸው መጥታለች።

አንድ ክረምት አዳለጣቸውና ወደቁ። ስብራት የለም፣ ክርናቸው ተላጠ እንጂ። እኔ ያኔ ነርስ ሆኜ 9 ዓመቴ ነው፣ ቤቱ ሁሉ የኔን አፍ ነው የሚያየው፣ «በቃ አባባ፣ ካሁን በኋላ ይረፉ» አልኩ። ከደሞዜ ቆጥቤ ሶፋ ገዝቼ ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥኩላቸው፣ ጫማውንም አልጋ ስር ከተትኩት። እሳቸው አንድም ቃል አልተከራከሩኝም። 12 ሰዓት ሲሆን ግን ተነስተው ይለብሱና ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው በሩን ያያሉ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቃል ይጠፋባቸው ጀመር። ጀበናን «ያ... ያ ቡና የሚፈላበት» ይላሉ፣ እጃቸውን በአየር ላይ ያዘነብላሉ፣ እናቴ ቃሉን ቶሎ ትሞላላቸዋለች።

መቀመጡ ነው ያመጣው አልልም፣ መርሳት ብዙ መነሻ አለው፣ ሲራመድ ኖሮም የሚይዘው አለ። ራሴን አልወቅስም። ቢሆንም ያንን ጫማ የደበቀው የኔ እጅ ነው፣ እሱ አይወጣልኝም።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ልብ ከምትረጨው ደም 15 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፣ የረባ ስንቅ ስለማያስቀምጥ ፍሰቱ ሲቋረጥ ወዲያው ይጎዳል። ዕድሜ ሲገፋ ደም ስሩ ይጠጥራል፣ ፍሰቱም ይቀንሳል፣ ሴቶች ላይ ደግሞ ካረጡ በኋላ ደም ስር እንዲለጠጥ የሚያግዘው ኢስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ይወርዳል። ካናዳ ውስጥ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብዙም የማይንቀሳቀሱ 206 ወንዶችና ሴቶችን፣ አማካይ ዕድሜያቸው 66 ገደማ፣ 6 ወር በሳምንት 3 ቀን ኤሮቢክ፣ ማለትም ልብና ትንፋሽን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ፣ አሠርተው በ2020 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አወጡ። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ፍሰት 2.8 በመቶ ጨመረ። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን በዛ ዕድሜ የሚጠበቀው መቀነስ ነው። ቃላትን ቶሎ የማምጣት ፈተናም ላይ ተሻሽለዋል ይላል፣ እሱን ሳነብ የአባባ እጅ አየር ላይ ሲያዘነብል ታየኝ፣ ወረቀቱን አስቀመጥኩት።

እናንተ ልጆች ግን ሁለት ፌርማታ ለመሄድ መኪና ትጠራላችሁ፣ ጂም የምትገቡትም ክንድ ለማሳበጥ ነው። እርግጥ መስቀል አደባባይ በጠዋት ደረጃውን ስትሮጡት ሳያችሁ ደስ ይለኛል፣ ከኛ ትሻላላችሁ። እቤት ያሉትን ወላጆቻችሁን ነው የረሳችሁት።

ለልጁ ያልኩት ይሄን ነው፦ መጀመሪያ ፕሬዠሯን አስለካት። ከዛ አብረሃት ሂድ፣ ማውራት እየቻለች መዝፈን በሚያቅታት ፍጥነት፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እስኪሞላ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ደረቷን ከወጋት ወይ ካዞራት ቁሙ፣ ሐኪም ያያት።

«ብትወድቅስ እትዬ?» አለኝ።

ክርኗን እጠብላት፣ የማያዳልጥ ጫማ ግዛላት፣ በነጋታው ካልከበዳት አብረሃት ውጣ አልኩት።