ፍሎረንስን በእግራቸው ለሚያዩ ወጣት ሠዓሊዎች

ውድ ወጣት የሙያ ልጆቼ፣ ፍሎረንስን ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን የማየት ዕድል ከገጠማችሁ፣ ጊዜያችሁን ሁሉ በኡፊዚ ሙዚየም ሰልፍና አዳራሾች እንዳትጨርሱት እመክራችኋለሁ። በዚያ ያሉት ሥራዎች ታላቅነት አያከራክርም፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ከተሠሩላቸው መሠዊያዎች ተነሥተው የመጡ ናቸው። ከተማዋ ለሠዓሊ ያላት ልዩ ጸጋ ሥዕልን በተሣለበት ግድግዳ ላይ ማሳየቷ ነው፤ መሐል ከተማውም ጠባብ ስለሆነ እግር ይበቃል።

በማለዳ ከሳን ማርኮ ገዳም ጀምሩ። ፍራ አንጀሊኮ ብሥራተ ገብርኤልን የሣለው ከደረጃው አናት ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ሥዕሉ ቀስ በቀስ የሚገለጠው ደረጃውን ለሚወጣ ሰው ነው። (እ.ኤ.አ. በ1441 ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለጉባኤ ፍሎረንስ የገቡት በዚሁ ሠዓሊ ዘመን መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።)

ከዚያ የአርኖን ወንዝ ተሻግራችሁ ወደ ካርሚኔ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። በውስጡ ባለው በብራንካቺ ጸሎት ቤት የሚገባው ሰው ቁጥርና የቆይታው ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ አስቀድማችሁ ቦታ ያዙ። ማሳቺዮ በ1420ዎቹ የሣለው የወንጌሉ የግብር ገንዘብ ታሪክ በግራው ግድግዳ ላይ ይገኛል፤ ሥዕሉን ከማየታችሁ በፊት ግን ከመሠዊያው በስተጀርባ ያለውን መስኮት ተመልከቱ። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ብርሃን ከቀኝ፣ ማለትም ከዚያው እውነተኛ መስኮት አቅጣጫ የሚመጣ ሆኖ ተሥሏል፤ የሐዋርያት ካባ እጥፋትም ሆነ መሬት ላይ የወደቀው ጥላ ይህንኑ ይከተላል። በመጽሐፍ የታተመ ፎቶግራፍ መስኮቱን ስለሚቆርጠው ይህን ብልሃት ሊያስተምራችሁ አይችልም። ማይክል አንጄሎ በወጣትነቱ የዚህን ሥዕል ጴጥሮስ በንድፍ ገልብጦታል፤ ንድፉም እስከ ዛሬ አለ። እናንተም ሁሉንም ለመቅዳት ሳትጣደፉ አንድ ካባ ምረጡና ብርሃኑ የሚያርፍበትንና ጥላው የሚጀምርበትን ብቻ በእርሳስ ያዙ።

ሲመሻሽ በሲኞሪያ አደባባይ የቆመውን የማይክል አንጄሎን የዳዊት ሐውልት ቅጂ ነው ብላችሁ አትናቁት። ዋናው ሐውልት ከ1504 ጀምሮ በዚያ ቆሞ ከቆየ በኋላ በ1873 ወደ አካዴሚያ ሙዚየም ተወስዷል፤ ከሰማይ በታች ከሕንፃው ጋር እንዴት ይመዛዘን እንደነበር የሚያሳየው ግን ቅጂው ነው። መጀመሪያ የታዘዘው ለካቴድራሉ ከፍታ መሆኑን እያስታወሳችሁ ከሥሩ ሆናችሁ የራሱንና የእጆቹን መጠን ንደፉ፤ አካዴሚያን ለማግስቱ ማቆየት ትችላላችሁ።