ማውዝፒስ ብቀይር ሃይ ሲ ይወጣልኛል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን እንደተረዳሁት ትራምፔትህ ይዞት በመጣው 7ሲ ማውዝፒስ (ከንፈር የሚያርፍበት ተነቃይ ቁራጭ) ትጫወታለህ፤ ከአምስቱ መስመር በላይ ያለው ጂ ላይ ስትደርስ ድምፁ ይቀጥናል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሲ፣ ሃይ ሲ የሚባለው፣ አንድ ቀን ይወጣል አንድ ቀን እምቢ ይላል። ጓደኛህ ደግሞ «ሺልኪ 14ኤ4ኤ ግዛና ተገላገል» ብሎሃል፤ ሺልኪ ከሚባለው ሠሪ የሚመጣ ጥልቀት የሌለው ማውዝፒስ ነው። ልግዛ ወይ ነው ያልከው።

አሁን አትግዛ። ምክንያቱን ግን ረዘም አድርጌ ልንገርህ፣ ምክንያቱም አንድ ቀን መግዛትህ አይቀርም።

ቢ ፍላት ትራምፔት ላይ ሃይ ሲ ስትነፋ ከንፈርህ በሰከንድ 932 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ጽዋው (የማውዝፒሱ ጎድጓዳ ክፍል) ጥልቅም ሆነ ጥልቀት የሌለው ይህ ቁጥር ንቅንቅ አይልም። ያንን ፍጥነት የሚያመጣው ማዕዘኑ የጠበቀ ከንፈር፣ ከሆድ የሚነሳ ፈጣን ትንፋሽና ከፍ ያለ ምላስ ነው። ማውዝፒስ የሚቀይረው ኖታው ስንት እንደሚያስከፍልህ ነው፦ ምን ያህል እንደሚያደክምህ፣ ድምፁ ምን ያህል እንደሚያበራ፣ ቅኝቱ የት እንደሚውል። የሌለህን ኖታ ግን አይሰጥህም። ተማሪዎች ሲቀይሩ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ሰሞን አንድ ሁለት ኖታ ይጨምራሉ፣ ይደሰታሉ፣ ከዚያ ከንፈሩ አዲሱን ጠርዝ ሲለምድ የድሮው መጫን ይመለስና የተጨመረውም ኖታ አብሮ ይጠፋል።

ታዲያ ሊድ፣ ማለትም በባንድ ውስጥ ላይኛውን መሪ ድምፅ፣ የሚጫወቱ ሰዎች ለምን ጥልቀት የሌለው ጽዋ ይመርጣሉ? የጽዋው የውስጥ ይዘት ሲያንስ ላይኞቹ ሃርሞኒኮች (ከዋናው ኖታ ጋር አብረው የሚሰሙት ቀጫጭን ድምፆች) ይጎላሉ፤ ድምፁ ይበራል፣ ከሳክስፎኑና ከከበሮው በላይ ይሰማል። ስለዚህ ለመሰማት ብለህ ያለ አቅምህ አትነፋም፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ አትዝልም። የጥቅሙ ምስጢር እዚህ ጋ ነው፣ ሰው ግን ማውዝፒሱ ኖታውን ወደ ላይ የሳበለት ይመስለዋል። ዋጋውም አለው። ታችኛው ድምፅ ይሳሳል፣ ቀስ ያለ ዜማ ላይ ድምፁ ጠርዝ ያወጣል፣ ላይኞቹ ኖታዎች ደግሞ ቅኝታቸው ወደ ላይ ይሸሻል። ቲውነር (የቅኝት መለኪያ) ሳትይዝ እንዳትሞክር የምልህ ለዚህ ነው።

ከንፈርህ ወፈር ያለ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር ይጠብቅሃል። ወደ ላይ ወጥተህ ጠንከር ስታደርግ ከንፈሩ ወደ ጽዋው ገብቶ ወለሉን ይነካል፣ ድምፁም ቧንቧ እንደተዘጋ ውሃ ቀጥ ይላል። ይህ ሲደርስ ብዙ ሰው «አቅም አነሰኝ» ብሎ ይበልጥ ይጫናል፤ የባሰ ይዘጋል። ለእንዲህ ያለው ተጫዋች ትንሽ ጠለቅ ያለ ጽዋ ነው ላይኛውን ኖታ የሚከፍትለት፣ ጓደኛህ ከሚነግርህ ተቃራኒው ማለት ነው።

የጽዋውን አፍ ወርድ ነገር ሰዎች ከሚገባው በላይ ያጋንኑታል ባይ ነኝ። በማውዝፒስ ሠሪው ባክ ዝርዝር 7ሲ 16.20 ሚሊሜትር ነው፣ 3ሲ ደግሞ 16.30። በወረቀት ላይ ልዩነቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ነው፤ አፍህ ላይ ግን የተለያዩ ይመስላሉ፣ ምክንያቱም የሚሰማህ የጠርዙ ቅርጽም ጭምር ነው። ወርዱ ሲጠብ የሚሠራው የከንፈር ጡንቻ ስለሚያንስ ለጽናት ይረዳል፤ ከመጠን በላይ ሲጠብ ግን ከንፈር መንቀሳቀሻ ያጣል። ትልቅ ማውዝፒስ ላይኛውን ድምፅ ይከለክላል የሚለውን ደግሞ እርሳው። ከ1948 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ዋና ትራምፔት ተጫዋች የነበረው አዶልፍ ሄርሴዝ፣ በመኪና አደጋ ከንፈሩ ከተጎዳ በኋላ ወደ ትልቅ ማውዝፒስ ተዛውሮ ነው ለዓመታት የነፋው። ያ ደግሞ አንተም ትልቅ ግዛ ማለት አይደለም፤ እሱን አይተው ትልቅ የገዙና የደከሙ ብዙ ናቸው።

ጉሮሮውን (ከጽዋው ሥር ያለውን ጠባብ ቀዳዳ) እና የኋላውን ቀዳዳ (ከጉሮሮው ወደ ትራምፔቱ የሚወስደውን) በተመለከተ ባጭሩ፦ የባክ መደበኛ ጉሮሮ 27 ቁጥር መሰርሰሪያ ነው፣ 3.66 ሚሊሜትር። ጠበብ ሲል ትንፋሽህን ይገታልሃል፤ እጅግ ሲጠብ ላይኛው ድምፅ ታፍኖ ይቀራል። ጥልቀት ከሌለው ጽዋ ጋር ጠባብ የኋላ ቀዳዳ ሲደረብ ምን እንደሚሆን ከ14ኤ4ኤ ስም ታነበዋለህ። 14ቱ ወርዱ ነው፤ የመጀመሪያው ኤ በሺልኪ አቆጣጠር ትንሹ ጽዋ፤ 4ቱ ጠፍጠፍ ያለ ጠርዝ፤ የመጨረሻው ኤ ጠባቡ የኋላ ቀዳዳ። ለሊድ ታስቦ የተሠራ ነው፣ ሌላ ሥራ ላይ ያስቸግርሃል። የባክ ፊደል ደግሞ በተቃራኒው እንደሚሄድ አትርሳ፤ እዚያ ኤ ጥልቁ ነው፣ ቁጥሩም ሲያንስ ወርዱ ይሰፋል።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት እነዚህን አድርግ። ማውዝፒሱ ሊድፓይፑ (የሚሰካበት የትራምፔቱ ቱቦ) ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ እይ። የሚወዛወዝ ከሆነ ወይም የኮርኔት (ትራምፔትን የሚመስል ሌላ መሣሪያ) ማውዝፒስ ከተሰጠህ ላይኞቹ ኖታዎች ቦታቸውን አይዙም፣ ጥፋቱም ያንተ አይደለም። ቀጥሎ ጂውን ቀስ ብለህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ንፋው። ዝቅ ባለ ድምፅ ከወጣ ችግርህ ጽናት ነው፣ ማውዝፒስ ሊረዳህ ይችላል። ዝቅ ባለ ድምፅ ጨርሶ የማይወጣና በመጫን ብቻ የሚወጣ ከሆነ ግን ረጃጅም ኖታና ሊፕ ስለር (ጣት ሳትቀይር በከንፈር ብቻ ከኖታ ወደ ኖታ መሸጋገር) ላይ ሥራ፤ 7ሲ የጀማሪ ነው የሚሉህንም አትስማ፣ ሃይ ሲ ለማውጣት አያንስም።

ጂው ዝቅ ባለ ድምፅ በቋሚነት ሲወጣልህና በባንዱ ውስጥ ሊድ ስትይዝ ያኔ ቀይር፣ ግን በአንዴ ወደ 14ኤ4ኤ አትዝለል። ጠርዙ አሁን ካለህ ጋር የሚቀራረብ፣ ጽዋው ብቻ አንድ ደረጃ የቀለለ ፈልግ፤ ከተቻለ ተውሰህ፣ በልምምድ ማብቂያ ላይ ከንፈርህ ደክሞ ሳለ ሞክረው። በትኩስ ከንፈር ሁሉም ማውዝፒስ ጥሩ ነው። 7ሲውንም አትሽጠው፣ ለቀስታው ዜማ ትፈልገዋለህ።