አክሰንቴን እንዴት ላጥፋው ላልከኝ ልጅ፣ ለጓደኞችህም

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ማኪያቶ ስንጠጣ «ጋሼ፣ ኢንተርቪው ላይ እንግሊዝኛ ስናገር አክሰንቴ ያሳፍረኛል፤ እንዴት ላጥፋው?» አልከኝ። በቅጡ አልመለስኩልህም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥያቄህ ከሠላሳ ዓመት በፊት የሆነ ነገር ቀሰቀሰብኝ።

እዚያው ፒያሳ አካባቢ በአንድ የወንዶች ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። የዓርብ የመጨረሻዋ ፒሪየድ የንግግር ነበረች። ተረኛው ወጥቶ ሦስት ደቂቃ ይናገራል። ሰባ ልጅ በየዴስኩ ሦስት ሦስት ሆኖ ተጣቦ ይሰማል። የጊዮርጊስ ደወል በመስኮት ይገባል።

ያኔ አንዲት የእጅ መስታወት ነበረችኝ። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ እንግሊዝኛ ያስተማረን አሜሪካዊ የሰላም ጓድ ነበር። የሰላም ጓዶች ከ1955 ጀምሮ በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን አስተምረዋል። የእኛው መምህር መስታወት ይሰጠንና ምላሳችንን በጥርሳችን መሃል ስናደርግ እንድናይ ያደርገን ነበር። አማርኛ የሌለውን ያን የእንግሊዝኛ «th» ድምፅ እንድናወጣ ነው። ደግ ሰው ነበር፤ አንድ በአንድ ጠርቶ፣ ከክፍል ውጭ፣ ዛፍ ሥር ነበር የሚያለማምደን። እኔ መስታወቷን ወሰድኩ፤ ዛፉን ረሳሁ።

ዘመኑ 1986 ነው። የዚያ ዓርብ ተረኛ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ልጅ ነበር፣ ዝምተኛ። ርዕሱ እናቱ ነበረች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ እንጀራ ትጋግራለች፣ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። እሱ በምድጃው ብርሃን ያጠናል። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነበር፤ ክፍሉ ግን ጸጥ ብሎ ይሰማው ነበር። ዓርብ፣ መጨረሻ ፒሪየድ ላይ፣ ሰባ ወንድ ልጅ ጸጥ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ያስተማረ ሰው ያውቀዋል።

«ማይ ማዘር» ይላል። እኔ ያችን «ዘ» መሸከም አቃተኝ። ሦስተኛው ላይ አቋረጥኩት። መስታወቷን ፊቱ ላይ ደቅኜ «ምላስህን እያየህ ድገመው» አልኩት።

«ማዘር።»

«ድገም።»

«ማዘር።»

ከኋላ አንዱ «ማዘርዬ!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልጁ መስታወቷን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄዶ ተቀመጠ። እኔም የቀጣዩን ተረኛ ስም ጠራሁ።

ከዚያ በኋላ ተራው ሲደርስ «ቲቸር፣ አልተዘጋጀሁም» ይለኝ ነበር። ዜሮ ሰጠሁት፤ አንዴ ብቻም አይደለም። ያ ንግግር እንዴት እንደሚያልቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዶሮ ማነቂያም በ2016 ፈርሷል። እናቱ የት እንደገቡ የምጠይቀው ጎረቤት እንኳ የለኝም።

በዚያው ክፍል በየዓመቱ ስለ ጄኔቫው ንግግር አስተምር ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። እሳቸው ዝም ብለው ጠበቁ፤ ከዚያ ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። «ፉጨት አያስቁማችሁ» እያልኩ ነበር የማስተምረው። ያን ዓርብ ያፏጨሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ አክሰንትህን ተወው። ያን ድምፅ ብዙ አየርላንዳውያንም ብዙ ለንደናውያንም አያወጡትም። ይልቅ ቃሉ ላይ ጠበቅ የምታደርግበትን ቦታ ጠብቅ። «ፎቶግራፍ» ስትል «ፎ» ላይ ነው፤ «ፎቶግራፈር» ስትል «ቶ» ላይ። እኛ ሁሉንም እኩል ስለምንመታው ነው ፈረንጁ «ምን አልክ?» የሚለን። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር በቃልህ ያዛት፤ ሌላውን አትሸምድድ።

እውነቱን ልንገርህ፣ «አስባለሁ» ለማለት «ሲንክ» የሚል ሰው ስሰማ ዛሬም ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። «እየሰመጥኩ ነው» ማለት ነውና። ብቻህን ስትሆን ብትለማመደው ደስ ይለኛል።

የእናንተ ዘመን ልጆች ከእኛ ትደፍራላችሁ፣ በዚህ እቀናባችኋለሁ። ግን ከቲክቶክ የለቀማችሁት አሜሪካኛ የራሳችሁን ነገር ሲሸፍነው አያለሁ። ድምፁ ያምራል፣ እናቱ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደምትነሳ የሚነግረኝ ግን አጣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ና። ስለ ራስህ ሦስት ደቂቃ ተናገር፣ እንደመጣልህ። እኔ በሩ ጋ እቀመጣለሁ። እስክትጨርስ አፌን አልከፍትም።