የሳምንቱ ዕቅድ ከቡኮ ይጀምራል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብሁት። ካገባሽ ዓመት አልሞላሽም፣ ሁለታችሁም ሠራተኞች ናችሁ፣ ፍኖተ ሰላም ነው የምትኖሩት፣ ደመወዙ ወር ሳይደርስ ያልቃል። የሳምንቱን ምግብ አስቀድሜ በወረቀት ላውጣው ብትዪ ባለቤትሽ «ቤት ነው ካምፕ?» አለሽ። ያዋጣል ወይ ነው ጥያቄሽ።

ያዋጣል። እኔ መጀመሪያ እንደሞከርሁት ከሆነ ግን አያዋጣም። የደረሰብኝን ልንገርሽ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ቤት ውስጥ ስድስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆችና አማቴ። ከአራት ዓመት በፊት ስልኬ ላይ ያየሁትን የሰባት ቀን ሜኑ ቁጭ ብዬ ገለበጥሁና ፍሪጁ ላይ ለጠፍሁት። ሰኞ ሩዝ በአትክልት፣ ማክሰኞ መኮሮኒ፣ ረቡዕ እንቁላል። ረቡዕ እንቁላል! ጾም መሆኑን እንኳ ልብ አላልሁም። ትልቋ ልጄ ጮክ ብላ ስታነበው አማቴ ሰምተው «ረቡዕን ማን ፈሰከው?» አሉ። ባለቤቴ ደግሞ ከሥራ ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ ፍሪጁ ፊት ይቆምና «ዛሬ ሆቴሉ ምን አለው?» ይላል።

ሜኑው ሐሙስን አልተሻገረም። ሐሙስ ማታ የባለቤቴ አጎት ከቢቸና ሁለት ሰው አስከትለው ለጉዳይ መጡ። ወረቀቱ ላይ የነበረው ሾርባና ዳቦ ነው፣ ያውም ለስድስት ሰው። ከቢቸና መንገድ ለመጣ ሰው ሾርባ? መሶቡን ከፈትሁት፤ ሦስት እንጀራ። ከጎረቤት አምስት ተበድሬ ሽሮ አንተከተክሁ። ሰዎቹ በልተው፣ መርቀው ተኙ። እኔ ግን እፍረቱ ዛሬም አለቀቀኝም። ለሳምንቱ ብዬ የገዛሁት አራት ኪሎ ቲማቲም ደግሞ እሁድ ላይ ግማሹ ውሃ ሆኖ ተደፋ።

ያን ሰሞን ነው አማቴን ልብ ብዬ ማየት የጀመርሁት። «ነገን እግዜር ያውቃል» የሚሉ ሴት ናቸው፤ ዕቅድ የሚባል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ግን ዓመቱን የሚዘልቀው ጤፍ ስንት ኩንታል እንደሆነ ያውቃሉ። በርበሬው መቼ ተቀንጥሶ መቼ ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ ያውቃሉ። ሽሮው ሁዳዴ ሳይገባ መፈጨት አለበት። በበጋ የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ሆኖ ለክረምት ይቀመጣል። እሳቸው ዓመቱን በጭንቅላታቸው ይዘው ይዞራሉ፣ እኔ አንድ ሳምንት አቃተኝ።

ስህተቴ ከወጥ መጀመሬ ነበር። ወጥ መላ አለው፤ ሽሮ ካለ በግማሽ ሰዓት ምሳ ነው። እንጀራ ግን ዛሬ አስበሽ ዛሬ አትበዪውም። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጻፈው የቡኮው ቀን ነው።

የኔ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማታ አቦካለሁ፣ ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ እጋግራለሁ። ረቡዕ ማታ አቦካለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እጋግራለሁ። አንዴ ስጋግር 30 ያህል ይወጣል፤ የልጆቹ ምሳ ዕቃ ስላለ ለኛ ይህ ብዙ አይደለም። ማርቆስ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሊጥ ቶሎ አይነሳም። በሐምሌ ብርድማ ሦስት ቀን ቆይቶም ይለግማል። አንዴ ቸኩዬ ጋግሬው እንጀራው ዓይን ሳያወጣ አፍለኛ ሆነና ልጆቹ «ይሄ ቂጣ ነው» አሉኝ። አሁን በክረምት እርሾውን ጨመር አድርጌ ዕቃውን ምድጃው አጠገብ አስጠጋዋለሁ።

ያንቺ ይለያል። ፍኖተ ሰላም ከኛ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፤ ሦስት ቀን ካቆየሽው ሳይኮመጥጥብሽ አይቀርም። ባሕር ዳር ያለችው እህቴ በሁለተኛው ቀን ነው አብሲት የምትጥለው። እንጀራዋም ቶሎ ስለሚሻግት በሳምንት ሦስቴ ትንሽ ትንሽ ትጋግራለች። አንቺም የራስሽን ሊጥ አንድ ወር አይተሽ ቀኑን ቁረጪ። ብቻ የምትጋግሪበት ቀን የመጨረሻዋ እንጀራ ከምታልቅበት አንድ ቀን ይቅደም። መብራት ከሄደ ምጣዱም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ከሊጥ ቀጥሎ ቁሌት ነው። ቅዳሜ ገበያ ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት እገዛለሁ፤ ማታውኑ ግማሹን እከትፈዋለሁ። መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የማቁላላው። ውሃውን ሲጨርስ ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬ፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት። ማረር ሲጀምር ውሃ ጠብ እያደረግሁ፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ መሽተቱን እስኪተው አንድ ሰዓት ያህል አማስለዋለሁ። ቅቤ የሚባል አይነካውም! ቅቤ ከገባበት ለረቡዕ ሌላ ቁሌት ልትጀምሪ ነው። በዘይት ብቻ ከሆነ ግን ሰኞ በጭልፋ ቀንሰሽ ቋንጣ ወይ እንቁላል ትጨምሪበታለሽ፣ ቅቤዋን ያኔ ጣል ነው። ረቡዕ በዚያው ቁሌት ምስር።

ጭልፋውን ግን አደራ። አንድ ማክሰኞ የፍስኩን ድስት ያማሰልሁበትን ጭልፋ ሳላስበው ቁሌቱ ዕቃ ውስጥ ከተትሁት። አማቴ ከበርጩማቸው ሆነው አይተዋል። «ፈሰከ» አሉ፣ አለቀ። ረቡዕ ማታ ቢሮ ውዬ ገብቼ እንደ አዲስ ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔ እስኪጠፋ አለቀስሁ፤ ግማሹ የሽንኩርቱ ነው፣ ግማሹ የንዴት። ቁሌቱ ፍሪጅ ውስጥ አራት አምስት ቀን ይቆያል። መብራት ረጅም ሰዓት ከጠፋ አልተማመንበትም፤ እንደገና አፍልቼ ቶሎ እጨርሰዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ወጡን ለማቀድ ብዙ አትጨነቂ፤ ግማሹን ጾሙ አቅዶልሻል። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሙሉ አንድ ቀለም ስለሚሆን ያኔ የሚያስቸግረው መሰልቸት ነው። ጎመን፣ ድንች፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ስልጆ እያፈራረቅሁ ነው የምወጣው። (ባሕር ዳሮች ዓሣ አላችሁ፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም፣ አማቴ ይሰሙኛል።) ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብም ጾም የለም። የኛ ቤት ወጪ ዘለል የሚለው ያኔ ነው። ስለዚህ በሁዳዴ ከሥጋና ከወተት የተረፈውን ገንዘብ አትንኪው፣ ለነዚያ 50 ቀናት ይሁንሽ።

እንግዳንስ? እንግዳ አይታቀድም፣ ቦታ ይተውለታል እንጂ። ከመጋገሪያዬ ቀን በፊት መሶቡ ከስድስት እንጀራ በታች እንዲወርድ አልፈቅድም። ሰው ካልመጣ ጠዋት ፍርፍር ነው፣ ማን ይጠላል? ቅዳሜ ማታ ደግሞ ምንም አልጽፍም። ማኅበር አለ፣ ልቅሶ አለ፣ አራስ ጥየቃ አለ። ወር በገባ በ12 ጎረቤታችን የሚካኤል ዝክር ስላላቸው ያን ቀን እኛ ቤት እሳት አይነድም ማለት ይቻላል። ይህን ሁሉ ረስቶ ሰባት ቀን በሙሉ መሙላት ጎጃም ውስጥ አይሠራም።

ገንዘቡን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። በየማታው ከሱቅ ትንሽ ትንሽ ሽንኩርትና ዘይት መግዛት ከገበያው ዋጋ በላይ ያስወጣን ነበር፣ እሱ ቀርቷል። የሚደፋ ነገርም ቀንሷል። ከዚያ በላይ ተአምር አትጠብቂ፤ ጤፍ ሲወደድ ዕቅድ አያወርደውም። ለኔ ትልቁ ነገር 11 ሰዓት ላይ ከቢሮ ስወጣ «ዛሬ ደግሞ ምን ልሥራ?» የምትለዋ ራስ ምታት መቅረቷ ነው።

ባለቤትሽን አትከራከሪው። ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ አትለጥፊው። የኔ አሁን ቁምሳጥኑ በር ውስጥ በኩል ነው፤ የቡኮ ቀንና የገበያ ዝርዝር፣ ሌላ ምንም የለበትም። ይልቅ ከሳምንቱ አንድ ማታ ለሱ ስጪው። እኔ ለባለቤቴ ሐሙስን ሰጠሁት። የሚችለው ፓስታ ብቻ ነው። በጾም በቲማቲም፣ በፍስክ በሥጋ፣ ሁልጊዜ ትንሽ ይላቁጥበታል። ሦስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ትንሿ ልጃችንን መምህሯ ከረቡዕ ቀጥሎ ማን ይመጣል ብትላት «ፓስታ» ብላ መጣች።